487 ዶላር ከ45 ሳንቲም፦ በአሜሪካ የወረርሽኙ ዘመን የተጋላጭነት ክፍያ ለምን ዘገየ፣ ለምንስ አነሰ?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከግዛቱ መንግሥት እኩል ገንዘብ ደረሳቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 487 ዶላር ከ45 ሳንቲም። ለአንዳንዱ በባንክ ሂሳቡ ገባለት፣ ለሌላው በፖስታ በመጣ የክፍያ ካርድ ተላከለት። ተቀባዮቹ ኮሮና አገሩን ሁሉ ቤት ባስቀመጠበት ጊዜ ከቤት መውጣት ግዴታ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው፤ በነርሲንግ ሆም አረጋውያንን የሚያጥቡና የሚያበሉ ረዳት ነርሶች፣ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባዮች፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌሮች፣ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች፣ የሕፃናት ማቆያ ተንከባካቢዎች። በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ ሥራዎች በአንዱ የተሰማራ ዘመድ ወይም ጎረቤት አያጣም።

የእኔም ዘመድ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። የሌሊት ሺፍት የምትሠራበት ነርሲንግ ሆም በ2020 ጸደይ አንዱን ማስክ ሳምንቱን ሙሉ እንድትጠቀምበት አድርጓት ነበር፤ ሺፍቱ ሲያልቅ ማስኩን የምታስቀምጥበትና ስሟ በእስክሪብቶ የተጻፈበት የወረቀት ከረጢት እስከ ዛሬ ከሰነዶቿ ጋር አለ። ጠዋት ስትመለስ የሥራ ልብሷን ጋራዡ ውስጥ አውልቃ በላስቲክ ከቋጠረች በኋላ፣ ልጆቿ ሳይነቁ ገላዋን ታጥባ ነበር ወደ ሳሎን የምትወጣው። ገንዘቡ የደረሳት ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ደውላ የጠየቀችኝ ስለ ማነሱ አልነበረም። «ይኼ 45 ሳንቲም ከየት መጣ? ማን ነው ያሰላው?» ነበር ያለችኝ። በስልክ ልመልስላት ሞክሬ አልተሳካልኝም። የሳንቲሙን ምንጭ ለማስረዳት ከማርች 2020 መጀመር ያስፈልጋል።

ሕጉ የማያውቀው አደጋ

በሀገር ቤት በጤና ሙያ ለሠራ አንባቢ «የተጋላጭነት አበል» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ሥራው በራሱ የሠራተኛውን አካልና ጤና ለአደጋ የሚያጋልጥ ሲሆንና አደጋውን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ሳይቻል ሲቀር፣ ከመደበኛው ደመወዝ በላይ የሚታሰብ ክፍያ ማለት ነው። በደኅናው ጊዜ ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሰውየው ሥራውን ከመያዙ በፊት ነው። ማዕድን ቆፋሪው ወይም ከፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚበይደው ሠራተኛ የሚጠብቀውን አውቆ፣ ደመወዙን መዝኖ፣ ተስማምቶ ይገባል። በማርች 2020 የሆነው ሌላ ነው። በሰዓት 12 ዶላር ለመቀበል የተቀጠረች ገንዘብ ተቀባይ አደጋው የመጣባት ከተቀጠረች በኋላ ነው፤ ደመወዟ ሲወሰን ማንም ያላሰበው አደጋ። «ካልተስማማሽ ልቀቂ» ቢሏትም መውጫ አይሆናትም፤ በመደበኛው የግዛቶች ሕግ ሥራውን በፈቃዱ የለቀቀ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ አያገኝምና።

የአሜሪካ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በዚህ ላይ ዝም ይላል። የዝቅተኛ ደመወዝንና የኦቨርታይምን ነገር የሚወስነው የ1938ቱ የፌዴራል ሕግ አሠሪዎች የተጋላጭነት ክፍያ እንዲከፍሉ አያስገድድም። ዝቅተኛው የፌዴራል ደመወዝ ራሱ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ እንደ ቆመ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ማርች 19 ቀን 2020 የፌዴራሉ የሳይበርና መሠረተ ልማት ደኅንነት ተቋም «አስፈላጊ» የሚባሉ ሠራተኞችን ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ምክር እንጂ ትእዛዝ ባይሆንም፣ ብዙ የግዛት ገዢዎች የቤት መቆያ ትእዛዛቸውን የጻፉት እሱን ተከትለው ነው። ማን ወደ ሥራ መሄድ እንዳለበት በዝርዝር ተነገረ፤ ለሚሄደው ሰው ምን እንደሚገባው ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ከስምንት ቀን በኋላ የወጣው ትልቁ የእርዳታ ሕግ ክፍተቱን ይበልጥ አጎላው። ሥራ ላጣ ሰው ከግዛቱ የሥራ አጥነት ክፍያ በላይ በሳምንት 600 ዶላር ተጨመረለት፤ በ40 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ዶላር ማለት ነው። ይህ ጭማሪ ብዙ ቤተሰብ ከጎዳና ያዳነ ስለሆነ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ሊቀናበት አይገባም። ነገር ግን በዚያው ሕግ ውስጥ እንዲሠራ ለታዘዘው ሰው፣ የገቢውን ወሰን ላላለፈ ሁሉ ከተሰጠው የ1,200 ዶላር ቼክ በቀር፣ ለተሸከመው አደጋ የተመደበለት ነገር አልነበረም። ቤት እንዲቀመጥ የተነገረው ሰው ብዙ ጊዜ ከሥራው ያገኝ ከነበረው የበለጠ ሲቀበል፣ ሥራ እንዲወጣ የተነገረው በድሮው ደመወዙ ቀጠለ።

የሕመም ፈቃዱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ማርች 18 ቀን የጸደቀው ሕግ በኮቪድ-19 ለታመመ ወይም ራሱን ለይቶ እንዲቆይ ለተነገረው ሠራተኛ እስከ 80 ሰዓት የሚከፈልበት ፈቃድ ደነገገ። ሆኖም 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን የግል ድርጅቶች ከግዴታው ውጪ አደረጋቸው፤ የጤና ተቋማትም ሠራተኞቻቸውን ከመብቱ እንዲያስወጡ ፈቀደላቸው። ትልልቆቹ የሱፐርማርኬት ሰንሰለቶች በመጀመሪያው፣ ሆስፒታሎችና ነርሲንግ ሆሞች በሁለተኛው ቀዳዳ ወጡ። ከቫይረሱ ጋር ፊት ለፊት የቆመው ሰው ሕጉ ከለላ ሊሰጠው ሲገባ ያለ ከለላ ቀረ።

አንዳንድ ኩባንያዎች በራሳቸው ፈቃድ ጨምረው ነበር። የሱፐርማርኬት ሰንሰለቱ ክሮገር «የጀግና ቦነስ» ብሎ፣ አማዞንም በመጋዘኖቹ፣ በሰዓት 2 ዶላር ከፈሉ። የክሮገር በሜይ አጋማሽ፣ የአማዞን በሜይ ማብቂያ ተቋረጠ፤ ቫይረሱ ግን በቦታው ነበር። በፈቃድ የተሰጠ ነገር በፈቃድ እንደሚነሳ የዚያን ዓመት በጋ በተግባር አሳይቷል።

ኮንግረስ ሳይወስን የቀረው

በፌዴራል ደረጃ ሐሳቡ ጠፍቶ አልነበረም። በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ በሴኔቱ የዲሞክራቶች መሪ ቸክ ሹመር በሰዓት 13 ዶላር፣ ለአንድ ሠራተኛም እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሐሳብ አቀረቡ። ሜይ 1 ቀን ሪፐብሊካኑ ሴናተር ሚት ሮምኒ የራሳቸውን አመጡ፤ ለሦስት ወር ብቻ የሚቆይ፣ በሰዓት እስከ 12 ዶላር የሚደርስ፣ በዓመት እስከ 50,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ሙሉውን የሚወስድበት፣ ከዚያ በላይ እየቀነሰ ሄዶ 90,000 ላይ የሚያበቃ። ከአራቱ እጅ ሦስቱን የፌዴራሉ መንግሥት፣ አንዱን አሠሪው ይሸፍናል። ሜይ 15 ቀን ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት በ208 ለ199 ድምፅ ባሳለፈው ሰፊ ሕግ ውስጥ 200 ቢሊዮን ዶላር ለዚሁ ተመደበ፤ በሰዓት 13 ዶላር የሚለው እንዳለ ሆኖ ጣሪያው ለአብዛኛው ሠራተኛ ወደ 10,000 ዶላር ወረደ። ሴኔቱ አላነሳውም፤ የሮምኒም ሐሳብ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር የሮምኒ ሐሳብ የተሻለ ነበር እላለሁ፤ አሠሪውን ከክፍያው ውስጥ አስገብቶታል። በወረርሽኙ ወራት ሱፐርማርኬቶች እንደ በዓል ዋዜማ ነበር የሚሸጡት። ከዚያ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ ለሻጩ ሆኖ፣ የሠራተኛው አደጋ ዋጋ ለግብር ከፋዩ ብቻ የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም። በሌላ በኩል ነርሲንግ ሆሙ ገቢው በአብዛኛው ከመንግሥት የሚመጣ ስለሆነ አሠሪ ይክፈል ማለት ዞሮ ዞሮ መንግሥት ይክፈል ማለት ነው፤ ሒሳቡ ለሁሉም ዘርፍ አንድ አይሆንም።

ዓመት አልፎ ማርች 11 ቀን 2021 የጸደቀው የእርዳታ ሕግ ውሳኔውን ከኮንግረስ ትከሻ አወረደው። ለግዛቶችና ለአካባቢ አስተዳደሮች 350 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶ፣ ከብዙ የተፈቀዱ ወጪዎች መካከል ለአስፈላጊ ሠራተኞች ተጨማሪ ክፍያንም አካተተ። በሰዓት እስከ 13 ዶላር፣ በሰው እስከ 25,000 የሚለው የመጀመሪያው ሐሳብ ቁጥር እዚህ ተመልሶ መጣ፤ ነገር ግን ይህን ያህል ይከፈል የሚል ግዴታ ሳይሆን ከዚህ አይለፍ የሚል ወሰን ሆኖ ነበር። ያው ገንዘብ ለውኃ መስመርም፣ ለኢንተርኔት ዝርጋታም፣ የግዛቱን የጎደለ ገቢ ለመሙላትም ይውላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥራ በሠሩ ሁለት እህትማማቾች መካከል የክፍያው ልዩነት የሚመጣው ከሚኖሩበት ግዛት ብቻ ሆነ።

ቀድመው የሞከሩም ነበሩ። ቨርሞንት በ2020 በሰዓት ከ25 ዶላር በታች ለሚያገኙና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግንባር ላይ ለነበሩ ሠራተኞች 1,200 ወይም 2,000 ዶላር ከፈለች። ፔንሲልቬንያ 50 ሚሊዮን ዶላር መድባ በሰዓት 3 ዶላር ለአሥር ሳምንት ለመክፈል ስትነሳ፣ ማመልከቻውን የሚያስገባው አሠሪው እንዲሆን አደረገች፤ አለቃው ወረቀት ለመሙላት የሰነፈበት ሠራተኛ ምንም አላገኘም፣ የቀረበውም ጥያቄ ከተመደበው ገንዘብ እጅግ በለጠ። ኮነቲከት በ2022 ለግል ዘርፍ ሠራተኞች 1,000 ዶላር ብላ 30 ሚሊዮን መደበች፤ አመልካቹ ሲጎርፍ ገንዘቡን ወደ 105 ሚሊዮን ማሳደግና ከፍ ያለ ገቢ ላላቸው ክፍያውን ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነባት። በየቦታው የተሠራው ስሕተት ተመሳሳይ ነው፤ አስፈላጊ ሠራተኛ ስንት እንደሆነ የገመተ ሁሉ አሳንሶ ገመተ።

የሚኒሶታው ሒሳብ

በሚኒሶታ ነገሩ የተጀመረው በ2021 በጋ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት 250 ሚሊዮን ዶላር ለይቶ አስቀመጠና ለማን እንዴት እንደሚከፈል የሚመክር ዘጠኝ አባላት ያሉት ቡድን አቋቋመ፤ ሦስት ከተወካዮች ምክር ቤት፣ ሦስት ከሴኔቱ፣ ሦስት ከገዢው ቲም ዋልዝ አስተዳደር። ቡድኑ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ሐሳቡን እንዲያቀርብ ታዞ ነበር፤ አልተስማማም። ዲሞክራቶቹ 667,000 ይሆናሉ ተብለው ለተገመቱት ሠራተኞች በሙሉ እኩል ይካፈል አሉ፤ ለእያንዳንዱ 375 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ሪፐብሊካኖቹ ለነርሶች፣ ለነርሲንግ ሆም ሠራተኞች፣ ለማረሚያ ቤት ጠባቂዎችና ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ብቻ ተወስኖ በነፍስ ወከፍ 1,200 ዶላር ይሁን አሉ። ከዚያም በግዛቷ የጤና ኮሚሽነር ከሥልጣን መነሳት አለመነሳት ላይ የተነሳው ክርክር ገባበትና ሊጠራ የታሰበው ልዩ ጉባኤ ሳይጠራ ክረምቱ አለፈ።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። 375 ዶላር ለአንድ ዓመት የተሸከሙት አደጋ ዋጋ ነው ቢባል ማንም አይቀበለውም፤ ለብዙ ሰው በቀጭኑ የተቀባ ገንዘብ ለማንም ሳይሰማው ይቀራል። በሌላ በኩል መስመሩ በሆስፒታሉ በር ላይ ይሰመር ማለት ኤፕሪል 2020 በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ በዎርዚንግተን ከተማ የሆነውን መርሳት ነው። እዚያ ያለው የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ፣ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቢላዋ የሚይዙበት፣ ቫይረሱ ስለተስፋፋበት ኤፕሪል 20 ቀን ተዘጋ። ከስምንት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሥጋ ፋብሪካዎች ሥራ እንዲቀጥሉ የሚያዝ ውሳኔ ፈረሙ። መንግሥት በስም ጠርቶ ሥራ ላይ እንዲቆዩ ያደረጋቸውን ሰዎች የተጋላጭነት ክፍያ ሲታሰብ ከዝርዝሩ ማውጣት አይቻልም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ከዲሞክራቶቹ ጋር ነኝ። ማቻቻያው ግን ለሁሉም እኩል መስጠት አልነበረም፤ እንደ ሰዓቱ ብዛትና እንደ ተጋላጭነቱ ደረጃ ከፍሎ መስጠት ይቻል ነበር።

በ2022 ዲሞክራቶቹ ገንዘቡ አንድ ቢሊዮን ይሁንና ለሰው 1,500 ዶላር ይድረስ አሉ። ስምምነቱ በመጨረሻ የመጣው ከሌላ ጉዳይ ጋር ተጋብቶ ነው። በወረርሽኙ የተሟጠጠው የግዛቱ የሥራ አጥነት ዋስትና ፈንድ እንዲሞላና በአሠሪዎች ላይ ግብር እንዳይጨምር 2.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ለግንባር ሠራተኞች ደግሞ 500 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ገዢው ኤፕሪል 29 ቀን ፈረሙ። በሁሉም አፍ 750 ዶላር የሚል ቁጥር ገባ፤ 500 ሚሊዮን ለ667,000 ሰው ሲካፈል የሚገኘው ማለት ነው።

መስፈርቱ ይህ ነበር፦ ከማርች 15 ቀን 2020 እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ባለው ጊዜ ቢያንስ 120 ሰዓት ከተዘረዘሩት የሥራ ዘርፎች በአንዱ በሚኒሶታ የሠራ፣ ከቤቱ ሆኖ ሊሠራው ያልቻለ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተጠጋግቶ የሠራ፣ ገቢው ከተቀመጠው ወሰን ያላለፈ፤ የኮቪድ ሕሙማንን በቀጥታ ለሚንከባከብ ነጠላ ግብር ከፋይ 175,000 ዶላር፣ ለሌላው 85,000 ዶላር። በተጠቀሰው ጊዜ ከ20 ሳምንት በላይ የሥራ አጥነት ክፍያ የወሰደ አይገባውም። ማመልከቻው ከጁን 8 እስከ ጁላይ 22 ቀን 2022 ክፍት ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት እኔም እሑድ ከሰዓት ላፕቶፔን ይዤ ለጥቂት እናቶችና አባቶች ስሞላ ነበር። ወረቀቱ ከባድ አልነበረም፤ ሆኖም በ2020 የሠሩበት ድርጅት ባለቤቱን ቀይሮ ስሙ የተለወጠባቸው፣ ሁለት ሥራ ይዘው የትኛውን እንደሚጽፉ የተቸገሩ፣ የግብር ወረቀታቸው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያቸው ጋር በአንድ ፊደል የሚለያይባቸው ነበሩ። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስንት መልክ እንዳለው የምናውቀው ነው። አንድ አባት፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ሥራቸው ከዘርፎቹ ዝርዝር ውስጥ በየትኛው ሥር እንደሚገባ አጥተን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል። ዕድሜ ልካቸውን ማስታወሻ ይዘው የኖሩ ሰው ስለሆኑ የሠሩባቸውን ቀናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከደብተራቸው እያነበቡ ይነግሩኝ ነበር።

ማመልከቻው ወደ 1.2 ሚሊዮን ደረሰ። የጸደቀላቸው 1,025,655 ሰዎች ሆኑ። ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋው ገንዘብ ለእነሱ ሲካፈል 487 ዶላር ከ45 ሳንቲም መጣ፤ የዘመዴ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ያንን ሳንቲም ማንም ተጋላጭነቷን ለክቶ አላወጣውም። ገንዘቡ በፖለቲካ ድርድር አስቀድሞ ተወሰነ፣ የሰው ብዛት በመጨረሻ ታወቀ፣ የቀረው ማካፈል ብቻ ነበር። የሚከፈለው ገንዘብ የተቆረጠው ከአደጋው ተነስቶ ስላልሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ሳምንት የሠራ ሰውና አንድም ቀን ሳያቋርጥ የሠራ ሰው እኩል ወሰዱ። ለ120 ሰዓት ብቻ የሠራው በሰዓት 4 ዶላር ገደማ ደረሰው። እንደ ዘመዴ በሳምንት 40 ሰዓት ለ67 ሳምንት የሠራችው ግን፣ ሰዓቷ ወደ 2,700 ስለሚጠጋ፣ በሰዓት 18 ሳንቲም ደረሳት። የስምንት ሰዓት ሌሊቷ 1 ዶላር ከ44 ሳንቲም ማለት ነው። ይህን ካሰላሁላት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ስለ ልጆቿ ትምህርት ማውራት ጀመረች።

ይህን ስጽፍ ክፍያው ባይኖር ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የመንግሥትን እውቅና ማግኘቱ፣ ለብዙ ቤትም 487 ዶላር የመኪና ጥገና ወይም የግማሽ ወር ኪራይ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የተጋላጭነት ክፍያ ዋና ጥቅሙ አደጋው ባለበት ጊዜ መከፈሉ ነው። ሠራተኛው ልጁን የሚጠብቅ ሰው ቀጥሮ ሥራ እንዲገባ፣ በአውቶቡስ መጋፋት ትቶ በታክሲ እንዲሄድ፣ አያት ካለችበት ቤት ወጥቶ ለአንድ ወር ሌላ ክፍል እንዲከራይ የሚያስችለው ያኔ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ ሲመጣ ምስጋና ይሆናል፤ ምስጋናም ጥሩ ነው፣ የክፍያውን ሥራ ግን አይሠራም።

በየሰዓቱ የተከፈለበት ከተማ

አደጋው በነበረበት ጊዜ፣ በየሰዓቱ፣ በደመወዝ ወረቀት ላይ እየታየ የተከፈለበትን ምሳሌ የምናገኘው ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት ሲያትል ነው። የከተማዋ ምክር ቤት በጃንዋሪ 2021 በሙሉ ድምፅ ባሳለፈው ደንብ ከ500 በላይ ሠራተኞች ያሏቸው የግሮሰሪ ድርጅቶች በመደብሮቻቸው ለሚሠሩ ሁሉ በሰዓት 4 ዶላር እንዲጨምሩ አዘዘ፤ ደንቡ ፌብሩዋሪ 3 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። የከተማው ግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም አላወጣም፣ ማመልከቻ የሞላም ሰው የለም። በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢችም ተመሳሳይ ደንብ ወጥቶ ነበር።

ምላሹ ፈጣን ነበር። ክሮገር በሎንግ ቢች ሁለት መደብሮቹን፣ በሲያትል ደግሞ ኪውኤፍሲ በሚባለው ስሙ የሚሠሩ ሁለት መደብሮችን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ቀድሞውንም ደካማ ገበያ ነበራቸው፣ አዲሱ ወጪ አባሰባቸው አለ። የግሮሰሪዎች ማኅበር ሲያትልን ከሰሰ፤ በማርች 2021 የፌዴራል ዳኛ ክሱን ውድቅ አደረጉት። የደንቡ ተቃዋሚዎች እነዚያን የተዘጉ መደብሮች ዛሬም ይጠቅሷቸዋል። የተዘጋ መደብር ሠራተኛውንም የሰፈሩንም ሰው እንደሚጎዳ አልክድም፤ ነገር ግን በከተማዋ የቀሩት መደብሮች ሁሉ 4 ዶላሩን እየከፈሉ ሥራቸውን ቀጥለዋል፣ ደንቡም እስከ 2022 ቆይቷል።

የእኔ ቅሬታ በሌላ በኩል ነው፤ ደንቡ ጠባብ ነበር። ከዚያው መደብር ለአረጋዊት ደንበኛዋ አስቤዛ ገዝታ የምትሄደው የሆም ኬር ሠራተኛ አይመለከታትም። ሲያትል በጁን 2020 ለምግብ አድራሾች በየማድረሻው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንዲጨመር ደንግጋ ነበር፤ ተሳፋሪ ለሚጭኑ የራይድሼር ሾፌሮች፣ ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙዎች ለሚተዳደሩበት ሥራ፣ ያ ደንብ አልደረሰም። ምግብ በር ላይ ጥሎ ከሚሄደው ይልቅ የታመመ ሰው ከኋላ ወንበር ይዞ ሃያ ደቂቃ የሚነዳው ለቫይረሱ እንደሚቀርብ ግልጽ ነው።

በሰዓት የሚታሰብ ክፍያ አንድ ራሱን የቻለ አደጋ እንዳለውም መደበቅ አይገባም። ትኩሳት ተሰምቷት ቤት የቀረች ሠራተኛ ደመወዟን ብቻ ሳይሆን ጭማሪውንም ታጣለች፤ ስለዚህ ጭማሪው ታሞ ወደ ሥራ የመሄድን ፈተና ያበረታል። በቂ የሕመም ፈቃድ ያልተያያዘበት የተጋላጭነት ክፍያ ወረርሽኙን ራሱን ሊያግዝ ይችላል። ከላይ ያየነው የማርች 2020 ሕግ ቀዳዳ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ከድንበር ማዶ በኦንታሪዮ የሆነውን ልጨምር። በካናዳ የፌዴራሉ መንግሥት 3 ቢሊዮን፣ ክፍለ ሀገሮቹ 1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አዋጥተው ክፍያው በ2020 ጸደይ ተጀመረ። ኦንታሪዮ በሰዓት 4 ዶላር ለ16 ሳምንት ከፈለችና አቆመች። ሆኖም በኦክቶበር 2020 በነርሲንግ ሆምና በቤት ለቤት እንክብካቤ ለሚሠሩ ረዳቶች በሰዓት 3 ዶላር በጊዜያዊነት ጨመረች፤ ያ ጭማሪ በ2022 በሕግ ቋሚ ሆነ። ወረርሽኙ የገለጠው የደመወዝ ጉድለት ከወረርሽኙ በፊትም እንደነበረ ማመን ማለት ይህ ነው።

ዳንበሪ እና ከዚያ ወዲህ

በአሜሪካ የተጋላጭነት ክፍያ በሕግ የተጻፈላቸው ሠራተኞች አሉ፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች። ሕጉ አደገኛ ሥራ ለሚሠሩት ከመሠረታዊ ደመወዛቸው እስከ 25 በመቶ ይፈቅዳል፤ ዝርዝር ደንቡም ገዳይ ከሆኑ ተሕዋስያን ጋር ለሚሠሩ ቦታ አለው። በኮነቲከት ዳንበሪ የሚገኘው የፌዴራል ማረሚያ ቤት ጠባቂዎች ይህን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በቫይረሱ ከተያዙ እስረኞች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያለ በቂ መከላከያ ሠርተናልና ይገባናል አሉ። ጉዳዩን የሰማው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሙሉ ጉባኤው በፌብሩዋሪ 2023 አልተቀበላቸውም። ደንቡ የተጻፈው በሥራው ተሕዋስያኑን ለሚይዝ፣ ለምሳሌ ለላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ እንጂ ከታመመ ሰው ጋር በመዋል ለሚመጣ አደጋ አይደለም፤ እንዲያ እንዲሆን ከተፈለገ መለወጥ ያለባቸው ደንብ አውጪዎቹ ናቸው የሚል ነው የፍርዱ ሐሳብ።

ስለዚህ ሕጉ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ አደጋው ከመጣ በኋላ ዳኛም ሆነ የግዛት ምክር ቤት በጊዜው ሊደርስ አይችልም። መጻፍ ያለበት ደግሞ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የሕዝብ ጤና አደጋ በታወጀበት ቀን፣ መንግሥት ሥራ ላይ እንዲቆዩ ለጠራቸው ዘርፎች፣ ክፍያው በራሱ ይጀምራል፤ አዋጁ ሲነሳ ይቆማል። መጠኑ ከመነሻ ደመወዝ ጋር ሳይሆን በሰዓት በቁርጥ ይታሰባል፤ አለዚያ ዝቅተኛ ደመወዝተኛው ዝቅተኛ ጭማሪ ነው የሚያገኘው። የሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ጭማሪውን አያጣም። ግዛቶች ለሥራ አጥነት ዋስትና ሲሉ በየሩብ ዓመቱ ከአሠሪዎች የሚሰበስቡት የደመወዝ መዝገብ ስላለ፣ ለአብዛኛው ሠራተኛ ማመልከቻ ማስሞላት አያስፈልግም፤ የስም ፊደል ልዩነት ማንንም ከክፍያ ውጪ አያደርግም።

ሚኒሶታ ይህን ሕግ አላወጣችም። ያወጣችው ሌላ ነው፤ በ2023 የነርሲንግ ሆም ሠራተኞችን ዝቅተኛ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ የሚወስን፣ የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች እኩል የሚቀመጡበት ቦርድ አቋቋመች። ይህ አዲሱ ቦርድም አባላቱ ዘጠኝ ናቸው፤ በ2021 ሳይስማማ ከተበተነው ቡድን የሚለየው ሠራተኞቹ ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ መቀመጣቸውና የሚያወጣው ደንብ የሕግ ኃይል ያለው መሆኑ ነው። ዘመዴ አሁንም የሌሊት ሺፍት ናት፤ የቦርዱን ስብሰባ በኢንተርኔት የምትከታተለው ቀን ከመተኛቷ በፊት ነው።